ኩል የያዘች ቀለህ

አባቴ ዝናሩን ሲፈታ ላየው ሰው፣
ያረጀ አፍ ይመስላል፣ ድዱን የሚያሳየው።
ሠላሳ ማደሪያ፣ ሁለት ጥርስ የቀረው፤
አንዱም አረንጓዴ ዝገት የወረረው።

ጠመንጃው ውጅግራ፣ የአያቱ ነበረ፣
ሰደፉ በጠፍር ሦስቴ የታሰረ።
ጥይቱን የሠራው ፋብሪካ ተዘግቷል፤
የሠራውን፣ የሸጠውን፣ የተኮሰውን፣
ሁሉንም አፈር በልቷል።

በየዓመቱ ጳጉሜን፣ ዘይት በጨርቅ ነክሮ፣
ይወለውለዋል ከምላጩ ጀምሮ።
ይቆጥራል ጥይቱን፣ ደግሞ ደጋግሮ፤
ሁለት ነው። አንድም ቀን አያውቅም ጨምሮ።
«አንዷ ለቀብሬ ናት» ይላል።
ሌላዋስ? ስንለው፣
ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል።

ጎረቤት ልጁን ሲድር፣ «ጋሽ ማንደፍሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ብሎ ቢለምነው፣
«እልል በሉ» አለ፣ «እልልታ አያልቅም፤ የሚያልቀው ይሄ ነው።»

ባዶ ቀለህ ቢኖር ማስሞላት ነበረ።
የቶርኖ ቤቱ እንየው «ቀለሁን አምጣልኝ፣
ሌላው የኔ ሥራ ነው» ሲል ነገረኝ።
ቀለህ ግን ከቤታችን ከጠፋ ቆየ፤
ማን እንዳጠፋው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ።
እኔና ወንድሜ አንገቱን እየነፋን
ፉጨት አደረግነው፤ ፉጨቱም ሲሰለቸን
ከነጆንያው ለቆራሌው ሰጠን፣
በሁለት ፊኛ ለወጥን።
ፊኛው ማታውኑ ፈነዳ።
ያ ነው የመጨረሻው ተኩስ በእኛ ጓዳ።

እዳዬን ልከፍል፣ በባጃጅ ወጥቼ፣
የጥይቷን ወገብ በክር ለክቼ፣
ክሩን ጣቴ ላይ እንደ ቀለበት ቋጥሬ፣
ሰው ስጭን፣ ሰው ሳወርድ፣ ጠየቅሁኝ ዞሬ።
አዘዞ፣ «የክላሽ ነው?» አሉኝ።
ማክሰኝት፣ «የምንሽር?» አሉኝ።
ኮላድባ ላይ አንድ ሽማግሌ ክሩን ከጣቴ ፈቶ፣
«ውጅግራ» አለ፣ እንደ ዘመድ ስሙን ጠርቶ፤
«የኔን በበሬ ለወጥኩት። በሬውም ሞቶ…»

ወለቃ አንድ ቀጥቃጭ ነበረ አሉ፣
ቀለህ እንደ አዲስ የሚሞላ፣ የሰለጠነ እጁ ከቃሉ።
ከነቤተሰቡ ከሄደ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤
ወናፉ የነበረበት ቦታ ጎመን በቅሎበታል።
ጎመኑን የምትኮተኩተው ወይዘሮ ትርንጎ
ክሩን አይታ ሳቀች፣
«እንዲህ ያለ ቀለህ እኔም ነበረኝ» አለች፣
«ኩሌን የማኖርበት።»

ባጃጁን እንዴት እንዳዞርኩት አላውቅም።

እናቴ ምንም ሳትል ሣጥኗን ከፈተች።
ያቻት፣ የቆዳ ክዳን ደፍታ ተቀምጣለች፤
በሠርጋቸው ለት ተተኩሳ ስትወድቅ፣
ትኩሷን በነጠላዋ ጫፍ አንስታት፣
ነጠላው የተቃጠለበት ቀዳዳ ዛሬም አለ፤
አልጠቀመችውም፣ አላስጠቀመችውም።
መኳያውን መዘዘች። መጀመሪያ ግራ ዓይኗን፣
ቀጥሎ ቀኙን፣ ቀስ ብላ፣ እኔን እያስጠበቀች፣
ከዚያ፣ «ለአንድ ጩኸት?» አለች።

አባቴ መደቡ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ፣
የተኛ መስሎኝ ነበረ።
«ተዋት» አለ። «ሁለተኛዋ ጥይትም የሷ ናት።»
«በሴት ቀብር ይተኮሳል እንዴ?» አልኩት።
«በሷ ይተኮሳል። ደህናዋን ለሷ አቆያት።
ዝገታሟን ለኔ አድርጋት፤
ብትከሽፍም አልሰማት።»