አሻሻጭ ነበርሁ

ባንቺአየሁ መጣች፣ የእህቴ ልጅ፣
ስልኳን እንደ ዕንቁላል ይዛ በሁለት እጅ።
«አጎቴ፣ እስኪ እዩልኝ፣ ይኸን የስፌት መኪና፣
ዋጋው ግማሽ ሆኗል፣ ሦስት ብቻ ቀርቷልና፣
እስከ ነገ ማታ ነው፣» አለች፤ ድምጿ ቸኮለ፤
ስልኩ ላይ ሰዓት ይቆጥራል፣ ቁጥሩም እየጎደለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አራዳ በረንዳ፣
በኪራይ መኪና ሱሪ ስታሳጥር፣ ስትከፍል የሰው ዕዳ፤
ዘንድሮ ነው ዕቁብ የደረሳት፤ ብሩ ገና አልበረደም፣
እንዲህ ያለ ብር ደግሞ መቀመጥ አይወድም።

መነጽሬን ጠራርጌ ወደ ታች አነበብሁ።
ከመኪናው ሥር ምስክር ተኮልኩሏል፣ ፈገግታ በፈገግታ፣
እንደ ሥላሴ ጣራ መላእክት፣ ዓይን ብቻ በተርታ።
(እነዚያ ግን ስንት ዘመን ከላይ ሲያዩን ኖረው፣
አንድ ዕቃ ግዙ አላሉም፣ ማንንም ሰው ጠርተው።)

«ደርሶኛል፣ ኢጅግ ቆንጆ ነው።» ቅድስት፣ ከሐዋሳ።
«ኢጅግ ረክቻለሁ፣ ተባረኩ።» ኑርሁሴን፣ ከደሴ።
«በሰዓቱ መጣልኝ፣ ኢጅግ!» ገመቹ፣ ከአምቦ።
አምስት ኮከብ። አምስት ኮከብ። አምስት ኮከብ።

«ተመልከቺ፣» አልኋት፣ «ሦስት አገር፣ ሦስት ስም፣ ሦስት ፎቶ፣
አንድ ‹እ› ግን ከሦስቱም ብዕር ጠፍቶ።
ይህ ሰው አንድ ነው፤ ባርኔጣውን ነው የሚቀይረው።
እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ለማንም አላወራሁም፤ ላንቺ ልናገረው።»

አዘዞ፣ ከብት ተራ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል።
ጓንጉል የሚባል ደላላ በሬ ያቆማል፤ እኔ እመጣለሁ፣
እንዳላየ አልፌ፣ እንደ ደነገጠ ሰው እመለሳለሁ፣
ሻኛውን እዳብሳለሁ፣ ጥርሱን እገልጣለሁ፣
«ወይ ግሩም!» እላለሁ ጮክ ብዬ፣ «ወይ በሬ፣ ወይ ቁመና!»
በሌለኝ ብር ዋጋ ሰቅዬ እሄዳለሁ፤ ባርኔጣ ለውጬ እመጣለሁ፣ እንደገና።

አንድ ቅዳሜ ከጭልጋ መጣ፣ አያ መንበሩ የሚሉት፣
ጥማድ ሊያሟላ፣ ሰኔ ሳይገባበት።
የበሬው ግራ ዓይን ሞራ ነበረው፤
ጓንጉል ያንን ጎን ወደ አጥሩ አዙሮ አቆመው።
ሰውየው አንዴ ቢዞር ያየው ነበር።
አልዞረም። በሬውን አላየም። እኔን አየ።
የገዛው በሬ አልነበረም፤ የእኔን መደነቅ ነበር።

አምስት ብር ደረሰኝ፣ ከጓንጉል እጅ፣ ላብ የነካው፤
አምስት ኮከብ ያኔ አምስት ብር ነበር ዋጋው።

«ስለዚህ፣ ልጄ፣ እውነተኛ ገዥ ያጉረመርማል፤
ገዝቶም እንኳ፣ ወዶም እንኳ፣ ‹ቀንዱ ጠመም ብሏል› ይላል፤
መርፌው ጮኸ፣ ፔዳሉ ጠጠረ፣ ሣጥኑ ተቀዶ መጣ ይላል።
ሁሉ የሚያመሰግንበት ገበያ፣ ሁሉም የሻጭ ዘመድ ነው።
‹ሲሰፋ አሳዩኝ› በያቸው፤ የዛሬን ቀን ጨርቁ ላይ ይጥለፉልሽ።»

ጻፈች። መልሱ መጣ፦ «ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ እህት። ሁለት ቀርቷል።»
ደግማ ጻፈች። የጻፈችው ተሰረዘ፣
አፏን በእጅ እንደያዟት ያህል።
ከዚያ ስልኩ ተንጫረረ፣ በጎን፣ በሹክሹክታ፦
«ሥራ ከፈለግሽ አስተያየት ጻፊልን፤ ባንዱ ሃምሳ ብር፤ እስከ ማታ።»

ባንቺአየሁ ዝም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታጥፍ አየኋት።
«አጎቴ፣» አለች፣ «ስንት ጊዜ ‹ደርሶኛል› ብል ነው የሚደርሰኝ?»

ምክር ፈለግሁ። ከእኔ የሚወጣ አልነበረም፤
አፌ ራሱ ብዙ ዘመን በኪራይ ኖሯል።

ስልኳን ዘጋችው። ተነሣች፤ ደንበኛ ቀጥራለች፣ የሁለት ሱሪ ጫፍ።
በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች፦
«ሰውየውስ? በሬውን ምን አደረገው?»
«አላውቅም፣» አልኋት።
እስከ ዛሬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ወደ አዘዞ አልወርድም።