መጣ፣ ሄደ

ቅጥቅጧን አቆምኳት ከአርድቦ ዳርቻ፤
ደሴ ኮምቦልቻ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው አመላልሳ፣ ዛሬ ለእኔ ብቻ።
ወንበሯን ነቅዬ አልጋ ዘርግቼባት፣
ቡታጋዝ፣ ጀሪካን፣ ባትሪ ጭኜባት፣
የጡረታ ቤቴ፣
ጎማ ያላት ጎጆ፣ ቀሪዋ ንብረቴ።

ዲሹን አወረድኩት ከጣሪያዋ ላይ፤
አንድ ጎኑ ጎድጉዶ፣ ዝገት ቢበላውም ቀና ብሎ የሚያይ።
እግሩን በድንጋይ አጸናሁት፣
ሽቦውን በመስኮት ስቤ ከሪሲቨሩ አገናኘሁት።
ማታ ጨዋታ አለ። ሰዓቱም ሮጧል።
ሰማዩ ግን ሰፊ፤
ሳተላይት የሚሉት የቱ ጋ ተቀምጧል?

የዲሽ ነገር እኮ ለአንድ ሰው አይሆንም።
አንዱ ውጭ ሲያዞር፣ አንዱ ከውስጥ ሆኖ
«መጣ!» ካላለው፣ «ሄደ!» ካላለው፣ ምንም።

ጦይባ ነበረች ከውስጥ የምትጮኸው፤
«ወደ ግራ! ትንሽ! ቀስ እያልክ አዙረው!
መጣ! መጣ! መጣ!…
ወላሂ አለፈ። ምን አስቸኮለህ፣ ምንድን ነው ሰውዬ እንዲህ የሚያጣድፈው?»
የገራዶ ሌሊት፣ ስንጮህ መጣ መጣ፣
ምጥ የያዛት መስሎት ሰፈሩ በሙሉ ቅቤ ይዞ ወጣ።

ዛሬ ብቻዬን ነኝ።
አዞርና ሮጬ ገብቼ አያለሁ፤
ኳሊቲ ዜሮ ነው።
ወጥቼ እነካለሁ፤
ገብቼ አያለሁ።
አሥር ጊዜ ወጣሁ፣ አሥር ጊዜ ገባሁ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፤
ሦስቷ የመኪና ደረጃ ጦሳን ሆነችብኝ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ታንኳው ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ፣
እርጥብ መረቡን ከትከሻው ሳያወርድ መጥቶ፣
«ጋሼ፣ ልያዝልዎ?» አለኝ።
«አትያዝ። ግባና ጩኽ» አልኩት።
ሳቀብኝ። ገባ።
ከነውኃው፣ ከነዓሣ ሽታው፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ አለ፤
ጦይባ ብታየው ኖሮ፣ አንሶላው ላይ፣ ጉድ በተባለ!

ምን ብሎ እንደሚጮህ አልነገርኩትም፤
አዞርኩኝ፤ ዝም አለ። አዞርኩኝ፤ ዝም።
በሾላው ቅጠል መሐል አንዲት የሰማይ ቀዳዳ አግኝቼ፣
አንድ ጣት፣ አንዲት ጣት ብቻ፣ ብረቱን ገፍቼ፣

«መጣ!»

እጄ ቀረ እዚያው፣ ብሎኑን ሳላጠብቀው።
ከውስጥ የስታዲየም ሁካታ ይሰማል፤
አንድ ሰው ጎል ስቶ፣ አገር ሁሉ ያዝናል።
«ጋሼ፣ መጣ እኮ! ቶሎ ይሰሩት፣ ያጥብቁት!»
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁት።

ከሐይቁ ነፋስ ተነሣ፤ ዲሹን ነካ አደረገው።
«ሄደ» አለ ልጁ።
«አውቃለሁ» አልኩት። «ይሄዳል።
ቆይ፣ ልፈልገው።»