ሱሪህ አልቋል

ድሬዳዋ ስገባ፣ በግንቦት ሙቀት፣
ጠመኔ ጨብጬ ነበር ለሠላሳ ዓመት።
ማርቆስ ላይ «እርስዎ» ተብዬ ያደርኩ፣ «አንቱ» ተብዬ የዋልኩ፣
ስሜ እንኳ «የኔታ» ውስጥ ጠፍቶ የኖርኩ።
ልጄ እዚህ ሥራ ያዘች፤
እኔም ጡረታዬን ይዤ ተከተልኳት።

መጋላ፣ ከአንድ ሱቅ፣ ቬንትሌተር ከሚያንቋርር፣
ልብስ ሰፊው አብዱሰመድ፣ የልጄ እኩያ፣ መርፌ ነክሶ ሲናገር፦
«ና ግባ አቦ! ፀሐዩ አናትህን ሳይበሳ።
ሱሪው ነው የሰፋብህ፣ ወይስ ሥጋህ ሳሳ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
«አንተ» የሚል ቃል
እንደ ጫማ ጠጠር ነው፤ ትንሽ ነው፤ ግን መራመድ ይከለክላል።

«ሐሙስ ና ውሰድ» አለኝ፤ ሐሙስ መጣ፣ ሄደ፤
እግሬ ግን በዚያ ሱቅ በር አልተራመደ።
በድልድዩ ባልፍ እንዳያየኝ ሰግቼ፣
ግመል በሚያልፍበት፣ በደቻቱ አሸዋ ጫማዬን ሞልቼ፣
ዞሬ ዳቦ ስገዛ ከረምኩ።
ኩርፊያ ለካ እግር ይፈጃል፤ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ።

«አባባ፣ ሱሪዎስ?» ትላለች ልጄ።
«ሥራ በዝቶበታል» እላለሁ።
ሽምግልና ከውሸት ጋር አይስማማም፤ ጆሮዬ ድረስ እግላለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት የከዚራው በር ተንኳኳ፤
ሱሪዬን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እሱው ራሱ ኖሯል ለካ።
«ሱሪህ አልቋል። አንተ ነህ ያልመጣኸው።»

እኔም ጨዋነቴን ጋሻ አድርጌ መክቼ፣
«እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎ ሒሳብ ስንት ነው?» አልኩት፣
እያንዳንዷን ፊደል አቀዝቅዤ፣ አጥርቼ።

ፊቱ ጠቆረ።
«እርስዎ? ምን አድርጌህ ነው?
እዚህ አገር እርስዎ የሚባል ፖሊስ ነው፣
ወይ የተጣሉት ሰው ነው።
አባቴን አንተ እላለሁ።
የሞተውን አያቴን፣ መቃብሩ ላይ ቆሜ፣ አንተ እላለሁ።
ሌሊት በዱዓስ፣ ፈጣሪዬን ማን ብዬ እጠራዋለሁ?»

እኔስ?
«ስምህ ይቀደስ» እያልኩ አይደል ያደግሁት?
«ስምዎ» ብዬ መች አውቃለሁ?

ከፍዬ ልሸኘው ስል ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘ፤
«ይግቡ» ሊል የተሰናዳ አፌ «ግባ» ብሎ ራሱን አዘዘ።

«አልሰደብከኝም» አልኩት፤ «እኔ ግን ተሰደብኩ።
ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ሕመሙ የኔ ነበር፤
እዚያው፣ ሱቅህ ውስጥ መንገር ሲገባኝ፣ በአሸዋ ስዞር ከረምኩ።»

ዝም አለ። ጋዜጣውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ።
«እኔም ያንን የሥጋህን ቀልድ ባልቀልድ» አለ፤
ከዚያ ሳቅ አመለጠው፦
«ሦስት ሳምንት? ለአንዲት 'አንተ'?
በል እንግዲህ… እርስዎ፣ ሱሪህን… ይለኩ!»
ግሱ እጁ ላይ ተበጠሰ፣ እንደ አሮጌ ክር።
«ተው» አልኩት፤ «ባማረብህ ተናገር።»

ለካሁት። ሰፋኝ። (ያ ሁሉ ዙረት!)
መርፌውን ከኮሌታው ነቀለ፤
«ቁም አንተ አለልኝ፣ አትነቃነቅ» አለኝ፣
እግሬ ሥር ተንበርክኮ።

ዘንድሮ ለፋሲካ ማርቆስ ወጣሁ።
የንስሐ አባቴን፣ መምሬ ይኄይስን፣ በር ላይ አግኝቼ፣
«አንተ፣ እንዴት ከረምክ?» አልኳቸው።
ግቢው ጸጥ አለ። መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።
እኔም ደንግጬ፣ ስለ ዝናብ አወራሁ።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነኝ።
ስልኩን አነሳለሁ፤ አስቀምጣለሁ።
አብዱሰመድ ከመኪናው ቀና ብሎ፣
«ደውልለት እንጂ፣ አንተ!» ይለኛል።