የጣራው ዘበኛ

እህል ጠብቄአለሁ፣ ጨው ጠብቄአለሁ፣ የመንግሥት ሲሚንቶ፤
ዕድሜዬ ያለቀው በር ላይ ነው፣ ስንቱ ሌት በላዬ ነግቶ።
አሁን በስተርጅና፣ ጡረታዬ ሲደርስ፣ ማዘጋጃ ቤቱ
«አየር ጠብቅ» አለኝ፤ ይኸው ነው ሹመቱ።

«ለመሆኑ አየር ይሰረቃል?» ብዬ ብጠይቃት፣
ጦይባ፣ ባለሙያዋ፣ ሳቅ ልትል ስትጀምር ሳል መጥቶ ነጠቃት።

ከቀበሌው ጣራ ላይ ሣጥን ነገር አለ፣
ከንብ ቀፎ የሚያንስ፣ እንደ ንብ የሚጮህ፣ አፍንጫ ያበቀለ።
ቀን ከሌት ይተነፍሳል ለእኛ ለሁላችን፤
ሆዱ ውስጥ ክብ ወረቀት፣ መዳፍ የሚያህል፣ እሱ ነው ሳንባችን።
ማለዳ በመሰላል ወጥቼ ሳወርደው፣ አንድ ቀን ልየው ብዬ ነካሁት፤
ጣቴን ሦስት ቀን ሙሉ በእንዶድ አጠብሁት።

ጦይባ በሚዛን አይታ ቁጥሩን ትነግረኛለች፤
«ከሩቅ እንዲታይ፣ አባ አሊጋዝ፣ ጠመኔውን ጫን ያርጉት» ትላለች።
መጀመሪያ ሰሞን፣ ከበሩ ሰሌዳ፣ የሎተሪ ዕጣ መስሎት የቆመ ነበረ፤
«ሰባ ሁለት ወጣ?» ብሎኝ፣ «ለሁላችንም ወጣ» ብለው ተማረረ።
ኋላ ግን ለመዱት እንደ ጤፍ ገበያ፦
«ስንት ገባ ዛሬ?» ይለኛል ባለጋሪው ከወዲያ።
«ጨመረ።»
«አይ እንግዲህ! ምን የማይጨምር አለ?»
ይሄዳል፣ ፈረሱም እየሳለ፣ እሱም እየሳለ።

ኮምቦልቻ ጎድጓዳ ናት። ጭስ ከገባ አይወጣም ቶሎ፤
ከየጎፍ ሥር ያድራል፣ ቦርከናን ተንተርሶ፣ እንደ ባለርስት ተደላድሎ።
ፀሐይ እስክትቀሰቅሰው የመጀመሪያው ደወል አልፏል፤
ልጆቹ የድርሻቸውን በደረታቸው ይዘው ክፍል ገብተዋል።

በየካቲት ስብሰባ ተጠራ። የፋብሪካው ሰው መጣ፤
ሸሚዙ፣ ያን ሁሉ ጭስ አልፎ፣ እንዴት እንደ ነጣ!
«የመንገድ አቧራ ነው» አለ። «የባጃጅ፣ የየቤቱ ምድጃ፤
እኛ ላይ የሚጣበቅ የት አለ ማስረጃ?»
ጦይባ አልተከራከረችም። ቦርሳዋን ፈታች፣
የጥርን ሠላሳ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እንደ በርበሬ አሰጣች።
እቶኑ ያረፈ ለት ግራጫ፤ በሌት የነደደ ለት ጥቁር፤
ለዚህ ንባብ አያስፈልግም ፊደል መቁጠር።

አዳራሹ አጨበጨበ። ሰውየው ውሃ ጠጣ።
ከዚያ አንዷን፣ ከሁሉም የከሰለችውን፣ ከረድፉ መርጦ አወጣ፦
«ይህችስ? እሑድ ናት። እሑድ እኛ ዘግተናል።»
ጦይባ መዝገቧን አገላበጠች። እውነቱን ነው፤ ተዘግቷል።

እኔ ከበሩ ቆሜ ጉልበቴ ከዳኝ፤
ማን እንዳነደደው የማውቅ እኔ ነኝ።
ከማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ የተከመረ ላስቲክ፣ ያረጀ ፋይል፣ የመኪና ጎማ፣
«እንግዳ ሊመጣ ነው፣ አቃጥለው» ተብዬ፣ ቅዳሜ በጨለማ
ክብሪቱን የጫርሁ፣ እስኪነጋ የቆሰቆስሁ፣ የአየሩ ዘበኛ!
ጠባቂውና ሌባው በአንድ ካፖርት የተኛ።

እጄን አወጣሁ። «እኔ ነኝ» አልሁ። ሰው ሁሉ ዞረ፤
ያዘዘኝ ኃላፊ እስክሪብቶውን ማየት ጀመረ።
ጦይባ «አብሽር» አለችኝ። ወረቀቷን ግን አልሸሸገችም፤
ለእኔ ብላ ጥቁሩን ነጭ አላለችም።

አሁን ጓሮው በቁልፍ ነው። ቆሻሻውን ጋሪ ይወስዳል።
ፋብሪካውም «ማጣሪያ እተክላለሁ፣ በሰኔ» ይላል።
ሰኔ ደግሞ ስንት ጊዜ መጥቶ ሄዷል።

ዛሬ ጠዋት አርባ ስምንት ጻፍሁ። ጦይባ «ገና ነው» አለች፤
እሷው ራሷ ገና ትስላለች።
ባለጋሪው ብቅ አለ።
«ስንት ገባ ዛሬ?»
«ቀነሰ።»
ልጓሙን ስቦ ቆመ፤ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ።
የሚቀንስ ነገር ሰምቶ አያውቅምና፣
«እስቲ ድገመው» አለኝ፣ ጆሮውን አቀና።