የተቀደደ ስፒከር

ሦስተኛ ጊዜው ነው እምቢያለ ሲመጣ፣
ያንኑ ስፒከር አቅፎ፣ ሆዱ የተቀደደ፣ አንጀቱ የወጣ።
«ምን ብታጎርሱት ነው እንዲህ የሚፈነዳ?»
«ማታ ና፣ ጋሼ። አውቶ ፓርኮ፣ ከብየዳ ቤቱ ጓዳ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚችው ፒያሳ
የሰርጉን ሞንታርቦ፣ የሰልፉን ሜጋፎን ከሞት ሳስነሳ፣
የጎንደርን ድምፅ ሁሉ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ሄድኩ። መብራት የለም። ጄኔሬተር ያጓራል።
ያልተቀባ የግቢ በር ግድግዳ ተደግፎ ቀለሙን ይጠብቃል።
ከበሮው ግማሹ በርሜል፤
ከቤዙ አንዱ ክር የሳይክል ፍሬን ሽቦ።
ስማቸው «ዝገት»። ሰሚው ስምንት ሰው፣
ባልዲ ገልብጬ የተቀመጥኩትን እኔን ጨምሮ።

ቀን መድኃኒት ቤት ቆማ
«ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ» የምትል፣ ድምጿ የማይሰማ፣
ያቺ ባንቺአምላክ
አፏን ከፈተች።

መጀመሪያ ዜማ ፈለግሁ፣ እንደ ልማዴ፣
የምንጠለጠልበት ጫፍ።
የለም።
በረዶ ነው በቆርቆሮ ጣሪያ፣ ያውም ከውስጥ ወደ ውጭ።
ከጩኸቱ መሃል አንድ መስመር ብቻ ያዝኩ፦
«እማ፣ አትስሚኝ። በሩን ግን አትዝጊ።»

አራተኛው ላይ ስፒከሩ ተቀደደ።
የእኔ እጅ ሥራ! ማንም አላቆመ፣ ማንም አልፈረደ፤
አዛናው በርሜሉን ወደ ደረቱ ሳበና
በተቀደደው ድምፅ ቀጠሉ። እንዲያውም አማረ።

ዛሬ ሱቄን ከፍቼ፣ ጆሮዬ እንደ ንብ ቀፎ፣
ወፍራሙን ካርቶን ከመደርደሪያው ሥር አወጣሁ።
ሒሳብ አልጻፍኩም።
ይኸም ይቀደዳል። እሱን አውቃለሁ።