እና የመሳሰሉት

አዳማ፣ ግንቦት ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣
ነፋሱ አቧራውን በመስኮት ሲያበላ፣
ማራገቢያው ቆሞ፣ ቀለሙ ደርቆብኝ፣
"ቀጣይ!" ስል አንድ ሰው ጆንያ አስቀመጠብኝ።
ጆንያው ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነጠላ፤
እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልላ
ወጣች አንዲት ጠብመንጃ፣
ከጎኗም ቢጫ ማስረጃ።

"ቱፋ ዋቆ እባላለሁ፤ የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነበርኩ፤
ሃያ ስምንት ዓመት ሐዲድ ዳር ከእሷ ጋር አደርኩ።
ባቡሩ ቆመ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ እሷ ቀረች እኔ ዘንድ፤
ጅብ ሲመጣ አንዴ ተኩሻለሁ፣ እሱንም ወደ ሰማይ፣ በግድ።"

ዝርዝሩን ዘረጋሁ። የኮፒ ኮፒ ነው፤ ሥዕሉ ሁሉ ጥላሸት፤
ጠብመንጃ ይሁን የዣንጥላ እጀታ፣ ማን ይለየው በምን ስልት?
ተራ ቁጥር አሥራ አራት፦ አርባ ዘጠኝ፣ ባለ ሀ ምልክት፣ ይፈቀዳል።
ተራ ቁጥር አሥራ አምስት፦ አርባ ዘጠኝ፣ ባለ ለ ምልክት፣ ይከለከላል።
ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ ሊያልቅ ሲል ወረቀት፣
አራት ነጥብ ሊያርፍበት ሲገባ፣ "እና የመሳሰሉት"።

ጨርቅ በላምባ ነክሬ ብረቷን አሸሁ፤
አርባ ዘጠኝ ብቅ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያየሁ
ግምጃ ቤት የመታው፣ አውራ ጣት የበላው አንድ ጭረት ነው።
አፈሙዟ ወደ በሩ ሲዞር ሀ ትመስላለች፤
ወደ ግድግዳው ሳዞራት ተገልብጣ ለ ሆነች።

"ልዩነታቸው ምንድነው?"
"አንዷ አምስት ትጎርሳለች፣ አንዷ አሥር" አልኩ አንብቤ።
ሳቁ። "ለእኛ ሦስት ሦስት ነበር የሚሰጡን፤
አራተኛዋን አንድም ቀን በዓይናችን አላየን።"

ላይኛው ቢሮ ደወልኩ። "መመሪያውን ተከተል" አሉኝ።
"መመሪያው ነው እኮ ያስደወለኝ።"
"እንግዲያማ ተከተል" ብለው ዘጉብኝ።

ባለፈው ሐሙስ ነው፣ የወይዘሮ ይርገዱን፣
"ሀ" ብዬ የፈረምኩት የሟች ባላቸውን።
"እኅቷ ናት!" አሉ አቶ ቱፋ። "ካንድ ሣጥን ወጥተው፣
በአንድ ማለዳ ለሁለት ዘበኛ የተሰጡ ናቸው።"
ያን ዕለት ጠዋት ነበር፤ ብርሃኑ በግራ ነው የገባው፤
ጥላው በየት በኩል ወድቆ ይሆን እጄን ከብዕር ያግባባው?

መምሰልን እኔም አውቀዋለሁ።
ሞጆ ኬላ ላይ፣ በስም ሞክሼነት፣
ሦስት ሌሊት አድሬያለሁ በሌላ ሰው ጥፋት።
አባቱ ካባቴ፣ አያቱ ካያቴ ገጥሞ፣
"ባትሆንም ትመስላለህ" አለኝ መርማሪው ደክሞ።

አሥራ አንድ ተኩል ሞላ። ባጃጆቹ ይጮኻሉ።
ተራራው ላይ የነፋስ ማማዎቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ።
ይዘዋት ቢወጡ ያለ ፈቃድ ነው፤ ያስይዛል።
ትተዋት ቢሄዱ ያለ ደረሰኝ ነው፤ እኔን ያስጠይቃል።
አቶ ቱፋ አሰብ አደረጉና፣ እንደሚያስተኙ ሕፃን
አጋደሟት ደፉ ላይ፤ ግማሿ ውጭ፣ ግማሿ ውስጣችን።
ራሳቸውም ከጎኗ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣
"የመሳሰሉት" ማለት ምን እንደሆነ ሰዎቹ እስኪያመጡ።

በሩን መዝጋት አልቻልኩም።
እርሳስ ቀረጽኩ። መዝገቡ ላይ፣ ፊደል በሚጻፍበት ዓምድ፣
ጭረቷን እንዳለች ሳልኳት፤ ሳልፈቅድ፣ ሳልፈርድ።
ከየት በኩል ይዞ እንደሚያነበው የነገው አለቃ፣ እንጃ።
ደፉ ላይ አንድ ሽማግሌ፣
አንዲት ጠብመንጃ።