ባቡሩ አልፏል

አርባ ሁለቱን ደረጃ ወጣሽ። ተቀመጪ፣ ከጫማው አጠገብ።
ውስጥ ቀድመው የገቡ አሉ፤ ድምፃችን ትንሽ ይሰብሰብ።
ሽታው ከታች ነው፣ ከስኳር መጋዘኑ፤ ጩኸቱ ከሚራጅ ጣቢያ፤
ሁለቱም ይለመዳሉ፣ ከሳምንት ወዲያ።

ወረቀትሽን አየሁት። ሁለት መቶ ሰዓት፣ ማኅተም፣ ፊርማ።
ጥሩ ነው። አጣጥፈሽ አስቀምጪው። አሁን የኔን ስሚማ።

እኔ ወደዚህ የመጣሁት ነፍሴን ልፈልግ ብዬ አይደለም፤
ጥሪ አልሰማሁ፣ ብርሃን አላየሁ፣ አልጎበኘኝም ሕልም።
አማቴ ጉልበቷን ታማ፣ የሚደግፋት ሰው ብታጣ፣
እኔ ነበርኩ ክንዷን ይዤ፣ እየተነጫነጭኩ የምወጣ።
ማክሰኞና ዓርብ።
እሷ ገብታ ስትንጠራራ፣ እኔ እዚሁ፣ ከጫማው ጋራ፣
ምስር እየለቀምኩ፣ በበሩ ስንጥቅ፣
ስስቅ በሽማግሌው ሥራ።

ዳታራም ካምብሌ። ሐዲድ ቀያሪ ነበር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፤
የብረት ዘንግ ሲስብ ሲገፋ፣ ባቡሮች መንገድ ሲቀበሉ።
አንድ ሌሊት፣ በዝናብ፣ ዘንጉ አምልጦት ወገቡን መታው፤
የምድር ባቡሩ ሐኪም ክኒን ሰጥቶ፣ ጣውላ ላይ አስተኝቶ ተወው።
ከጎኑ አንድ አትክልተኛ ተኝቷል፣ አንድ እግሩን ያጣ፤
«ትንፋሽህን ቁጠር» አለው። ቆጠረ። ሺህ ሳይሞላው ሌሊቱ ነጣ።
በቃ፣ ይኸው ነው የሱ ጥሪ። ዋሻ የለ፣ ተራራ የለ፣
የሐኪም ቤት ጣውላ ብቻ፣ አጠገቡም አንድ ሰው ስላለ።

አንድ ዓርብ አማቴ ቀረች። የኔ እግር ግን ለምዶ ወጣ።
«ምስርሽስ?» አለኝ። አልያዝኩም።
«እንግዲያው ግቢ» አለ፣ ያለ ቁጣ።

ሲያስተምር ቃል ይቆጥባል፣ እንደ ደሞዝ፣ እንደ ጨው።
የእንስሳውን ስም አያነሳም፤ «ወገብህ ነው፤ እባቡን ተወው።»
ከጣቢያ የተጣለ ገመድ አለው፣ ጡብ አለው፣ አሮጌ ወንበር፤
አጭሩን በጡብ ያስረዝማል፣ ረጅሙን ያጥፋል ግንብ ሥር።
የባንኩ ጸሐፊ ሲንቀጠቀጥ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣
ይጠጋዋል፤ እጁን ትከሻው ላይ ያሳርፋል፤ ጥቂት ቆይቶ፣
«ባቡሩ አልፏል» ይለዋል።
«ዘንጉን ልቀቅ።»

አንድ ነገር ግን አይሆንለትም። በመጨረሻ ሁላችን ስንጋደም፣
እንደ ሬሳ፣ መዳፍ ወደ ላይ፣ ዓይን ተከድኖ፣ ጸጥ እርጭም፣
እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ የኮልሃፑሩን ባቡር ይጠብቃል፤
ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት፤ ጆሮው ግን ገና ፈረቃ ይገባል።
«ማረፍ አልችልበትም» አለኝ አንዴ፤ «እናንተን ማየቱ በቂ ነው።
አንድ ሰው ነቅቶ ካልቆመ፣ ሌላው እንዴት ዓይኑን ይክደነው?»

ባለፈው ዓመት፣ በዝናብ ወራት። ማክሰኞ። ስድስት ሆነን ተጋድመናል።
ዓይኔን ስገልጥ መስኮቱ ጋ የለም። ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።
መዳፉ ወደ ላይ። እግሩ፣ እንዳስተማረን፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ።
እሰይ፣ አልኩ በልቤ፣ ዛሬስ አረፈ፣ ሰውነቱን ጥሎ።
ሻሌን ደረብኩለት፣ በጣቶቼ ጫፍ፣ እንዳይነቃ ተጠንቅቄ፤
ባቡሩ ጮኸ። ቀና አላለም።
ያኔ ነው ማወቄ።

እንግዲህ ስለ ማስተማር ከጠየቅሽኝ፣ ብዙ የምልሽ የለኝ።
ምክንያትሽን አልመረምርም፤ እኔን ምስር ነው ያመጣኝ።
የሚመጡት ወገብ ሊያቀጥኑ ነው፤ አንዷ ልትደርስ ለሠርጓ፣
አንዷ ከቤት ልትሸሽ፤ አትፍረጂባት፤ ይሙላላት ሐሳቧ።
ገመዱን አቀብይ፣ ጡቡን አስተካክይ፣ ዝም በይ።
የስድስቱንም ትንፋሽ ከሩቅ መስማት እስክትችይ፣
ወረቀትሽን እቤት ትተሽ ነይ።

ማክሰኞ እንግዲህ። መስኮቱ ጋ ትቆሚያለሽ፤ ጣቢያውን ሳይሆን እኛን እያየሽ።
እኔም እንደ እሱ ነኝ፤ ከሞተ ወዲህ ዓይኔን ከድኜ አላውቅም፣ ልንገርሽ።
አንቺ ጠብቂ፤ እኔ ልሞክረው
አንዴ፣
ማረፉን።